ለ28 ቀናት ወደ ፈረንሳይ ልሄድ ነው፤ ዘመድ መጠየቁንና አገር ማየቱን እንዴት ላስማማቸው?

ጥያቄ ፦ የከዚራ ተማሪ (ድሬዳዋ)

ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 20 ሲሆን በድሬዳዋ የሁለተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ሊዮን የምትኖረው አክስቴ፣ የአባቴ እኅት፣ በመጪው ክረምት እርሷ ዘንድ እንዳርፍ ጋብዛኛለች፤ የአውሮፕላኑንም ቲኬት እርሷው ልትቆርጥልኝ ቃል ገብታለች። ማርሴይ ደግሞ የአጎቴ ልጅ ከባለቤቱና ከሁለት ሕፃናት ልጆቹ ጋር ይኖራል፤ ሕፃናቱን ከቤተሰባችን በፎቶግራፍ እንጂ በአካል ያየ ሰው እስካሁን የለም። ትምህርት ከተዘጋ በኋላ፣ ከሐምሌ 6 እስከ ነሐሴ 3 ድረስ ለመቆየት አስቤአለሁ። ከአገር ስወጣ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ያስጨነቀኝ የቀኑ አከፋፈል ነው። ጓደኞቼ «ፈረንሳይ ድረስ ሄደሽ ቤት ልትቀመጪ ነው?» እያሉ ኤፍል ማማን፣ ቬርሳይን፣ ኒስን፣ ቪዛው ለሌሎችም አገሮች ስለሚሠራ ብራስልስንና ሚላኖን ጭምር የያዘ ረጅም ዝርዝር ሰጥተውኛል። እናቴ በበኩሏ «ሻንጣሽን አክስትሽ ቤት አስቀምጠሽ ከተማ ለከተማ የምትዞሪ ከሆነማ እንግዳ አልሆንሽላትም፤ ቤቷን እንደ ሆቴል ቆጠርሽባት ማለት ነው» ብላኛለች። እውነቷን ነው። አክስቴ አገሯን ካየች 9 ዓመት ሆኗታል፤ እኔን የጠራችኝም አጠገቧ ተቀምጬ የቤቱን ወሬ አንድ በአንድ እንዳወራት ነው። ነገር ግን እኔም ያን ያህል መንገድ ሄጄ ምንም ሳላይ ብመለስ እንደሚቆጨኝ አውቃለሁ።

ሦስተኛው ሐሳብ የአያቴ ነው። አያቴ በድሬዳዋ ምድር ባቡር ጋራዥ ከ30 ዓመት በላይ በመካኒክነት የሠሩ ሰው ናቸው፤ ድርጅቱን እስከ ዛሬ «ሽመንደፈር» እያሉ ነው የሚጠሩት። አልጋቸው ሥር በፈረንሳይኛ የተጻፈበት የብረት የመሣሪያ ሣጥን አለ፤ ጽሑፉ ተፍቆ ግማሹ ብቻ ነው የሚነበበው። በየጊዜው ያወጡትና ቁልፎቹን ዘይት በነካ ጨርቅ ጠርገው፣ ከትልቁ ወደ ትንሹ ደርድረው ይመልሱታል። ስለ ጉዞዬ ሲሰሙ ስለ ፓሪስም ስለ ሊዮንም አልጠየቁኝም፤ «እነዚያ መኪናዎች ከመጡበት አገር አንድ ባቡር ቀርበሽ አይተሽ ንገሪኝ» ብቻ ነው ያሉኝ።

በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ሰዎች ለቪዛው ከአክስቴና ከእኔ ምን እንደሚጠበቅ፣ ቀኖቹን እንዴት ብከፋፍላቸው ዘመዶቼም ሳይቀየሙ እኔም ሳይቆጨኝ እንደምመለስ፣ እንዲሁም ከታወቁት ቦታዎች ባሻገር ለድሬዳዋና ለሐረር ልጅ የተለየ ትርጉም ያለው ምን ሊታይ እንደሚችል ብትነግሩኝ ትልቅ ውለታ ትውሉልኛላችሁ።


መልስ ፦ የለገሃሬ ልጅ (ሊዮን)

ታናሽ እኅቴ፣ ተወልጄ ያደግሁት ለገሃሬ ነው፤ ሊዮን ከመጣሁ 14 ዓመት ሆኖኛል። በእነዚህ ዓመታት እናቴን ሁለት ጊዜ፣ ታናሽ ወንድሜን አንድ ጊዜ ስላስመጣሁ የቪዛውን ነገር ከደረሰብኝ ተነሥቼ እነግርሻለሁ።

ሥራው የሚጀምረው ከአንቺ ሳይሆን ከአክስትሽ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ እንደ አንቺ ከውጭ አገር የሚመጣ እንግዳ በቤቱ የሚያሳድር ሰው ከሚኖርበት አካባቢ ማዘጋጃ ቤት «አተስታሲዮን ዳኪዩይ» የሚባለውን የመስተንግዶ ማረጋገጫ ማውጣት አለበት። አክስትሽ በአካል ቀርባ መታወቂያዋን ወይም የመኖሪያ ፈቃዷን፣ የቤቷን ውል እና የገቢዋን ማስረጃ ታቀርባለች፤ የ30 ዩሮ ቴምብርም ትገዛለች። ቤቱ ለእንግዳ የሚበቃ መሆኑም ይታያል። ማዘጋጃ ቤቱ ወረቀቱን ከሰጣት በኋላ ዋናው ቅጂ አንቺ እጅ መግባት እንዳለበት ልብ በዪ። እናቴን በመጀመሪያው ጊዜ ሳስመጣ ፎቶውን በስልክ ልኬላት ዋናውን መሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጥሁት፤ ቀጠሮዋ ደርሶ ሲጠየቅ ስለጠፋ፣ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ፈልጌ እስክልክላት ሦስት ሳምንት ባከነ። እናቴ ያን ጊዜ ከድሬዳዋ አዲስ አበባ ሁለት ጊዜ ተመላልሳለች፤ እስከ ዛሬ ሳስበው ያሳዝነኛል።

አንቺ ደግሞ የምታዘጋጂው ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ መድን፣ ከአውሮፓ ከምትወጪበት ቀን በኋላ ለሦስት ወር የሚያገለግል ፓስፖርት፣ የደርሶ መልስ በረራ እና የመተዳደሪያ ገንዘብ ማስረጃ ነው። ማረጋገጫው ላለው እንግዳ የተቀመጠው መጠን በቀን 32.50 ዩሮ ስለሆነ ለ28 ቀን 910 ዩሮ ይመጣል። የቪዛው ክፍያ ከጁን 2024 ጀምሮ 90 ዩሮ ነው። ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ይገባል፤ የመጨረሻው ገደብ 15 ቀን ቢሆንም ክረምት ሲቃረብ ቀጠሮ ስለሚጣበብ ከሚያዝያ አታሳልፊው።

ሁለት ነገሮች ለእኛ አገር ሰው በተለይ ያስቸግራሉ። አንደኛው ስም ነው። ፈረንሳዮች አክስትና የወንድም ልጅ አንድ የቤተሰብ ስም ይኖራቸዋል ብለው ይጠብቃሉ፤ የእኛ አክስቶች ግን በአባታቸው ስም ነው የሚጠሩት፤ ያ ደግሞ የአንቺ የአያትሽ ስም ነው። ስለዚህ ዝምድናችሁን በአንድ ገጽ ደብዳቤ አብራሪና የአንቺንም የአባትሽንም የልደት ምስክር ወረቀት አስተርጉመሽ አያይዢው፤ የአያትሽ ስም ሁለቱም ላይ ሲታይ ነገሩ በራሱ ይገለጻል። የማርሴዩ ዘመድሽ በእናትሽ በኩል ከሆነ የጋራ ስም ስለማይኖራችሁ የእርሱን በቃል ማስረዳት ይበቃል። ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠሩ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር የተጻፈ ማስረጃ ሲተረጎም ቀኑ በትክክል መመለሱን ራስሽ ቆጥረሽ አረጋግጪ። ከትምህርት ቤትሽም በመስከረም ተመልሰሽ ትምህርትሽን እንደምትቀጥዪ የሚገልጽ ደብዳቤ አውጪ፤ ለመመለስሽ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለሽም።

ቀኖቹን በተመለከተ እናትሽ ልክ ናቸው፤ ጓደኞችሽም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። እኔ የምመክርሽ ከአውሮፕላን እንደወረድሽ ፓሪስ ሳትገቢ በቀጥታ ወደ አክስትሽ እንድትሄጂ ነው። ሻርል ደ ጎል አየር ማረፊያው ውስጥ የፈጣን ባቡር ጣቢያ አለ፤ ከዚያ ተሳፍረሽ በ2 ሰዓት ገደማ ሊዮን ፓር ዲዩ ጣቢያ ትደርሻለሽ። ዘመድ ያልተጠየቀበት ፓሪስ አይጣፍጥም። ከዚያ በፊት ግን አክስትሽ ዕረፍት የምትወጣው በጁላይ ይሁን በኦገስት ጠይቂያት፤ እዚህ አብዛኛው ሠራተኛ የሚያርፈው በኦገስት ነው። በጁላይ ሥራ ላይ ከሆነች ጠዋት አብረሽ ቁርስ በልተሽ ትሸኛታለሽ፣ ቀኑን ከተማውን ታያለሽ፣ ማታ ቡና አፍልተሽ ትጠብቂያታለሽ። አገር ማየቱ ከዘመድ ቤት ቀን የሚሻማ የሚመስለው ከሩቅ ሲታሰብ ብቻ ነው፤ በሥራ ቀን አክስትሽ ራሷ ቤት የለችም።

ሊዮን ደግሞ እንዲሁ የሚታለፍ ከተማ አይደለም። ሮን እና ሶን የሚባሉ ሁለት ወንዞች የሚገናኙበት ነው፤ አሮጌው ክፍል እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ፉርቪዬር ኮረብታ ላይ በእግርሽ ውጪና ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ የቆየውን የሮማውያን ቲያትር እዪ፤ መግቢያው ነፃ ነው። ክሯ ሩስ የሚባለው ሰፈር የሐር ሸማኔዎች ሰፈር ነበር፤ ቤት ለቤት የሚያልፉ «ትራቡል» የሚባሉ የተሸፈኑ መተላለፊያዎች አሉ፤ ሠራተኞቹ ጨርቁ ዝናብ ሳይነካው ያሳልፉባቸው ነበር። መጀመሪያ የገባሁባቸው ቀን በግድግዳው ጥበትና በጨለማው ቅዝቃዜ ሐረር፣ መኪና ግርግር ደርሼ የወጣሁ መስሎኝ ነበር፤ የልብስ ሰፊዎቹ የስፌት መኪና ድምፅ ብቻ ነው የጎደለው።


የከዚራ ተማሪ

እትዬ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ ወስደው ስለጻፉልኝ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ለአክስቴ ዛሬውኑ ደውዬ ነገርኋት፤ ዕረፍቷ የሚጀምረው ኦገስት 1 ቀን መሆኑን አረጋግጣልኛለች፤ ስለዚህ በጁላይ ሥራ ላይ ናት ማለት ነው። የመስተንግዶ ማረጋገጫውን አታውቀውም ነበርና እርሷም አመስግናዎታለች።


መልስ ፦ የጁገል አስጎብኚ (ሐረር)

እኔ ሐረር ውስጥ እንግዶችን በፈረንሳይኛ የማስጎበኝ ሰው ነኝ። ከፈረንሳይ የሚመጣ እንግዳ ከጅቡ ትርዒት ቀጥሎ የሚጠይቀኝ «ራምቦ ቤት» የት እንደሆነ ነው። እኛ ራምቦ የምንለው ገጣሚው አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1880 ሐረር ገብቶ እስከ 1891 ድረስ እየሄደ እየተመለሰ በንግድ ሥራ ቆይቷል፤ መጀመሪያ ላይ ሥራው ለባርዴ ኩባንያ ቡናና ቆዳ መግዛት ነበር። በስሙ የሚጠራው ቆንጆ የእንጨት ቤት በኋላ አንድ የሕንድ ነጋዴ ያሠራው እንጂ እርሱ የኖረበት እንዳልሆነ ለእንግዶቼ ሁልጊዜ እነግራለሁ፤ ውስጡ ያለው የአሮጌዋ ሐረር ፎቶግራፍ ግን በራሱ መታየት የሚገባው ነው።

ይህን የማነሣው አንቺ የምትሄጂበት መንገድ የእርሱን መንገድ ወደ ኋላ የሚከተል ስለሆነ ነው። በ1891 ጉልበቱ አብጦ መራመድ ሲያቅተው፣ በኤፕሪል ወር ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው ከሐረር እስከ ዘይላ ወደብ 12 ቀን ያህል በረሃውን አቋርጠው አደረሱት። ከዚያ በኤደን በኩል በመርከብ ማርሴይ ገባ፤ ኮንሴፕሲዮን በሚባለው ሆስፒታል እግሩ ተቆረጠ፤ ኖቬምበር 10 ቀን እዚያው በ37 ዓመቱ ዐረፈ። የአጎትሽ ልጅ ማርሴይ ስለሚኖር ሆስፒታሉ ጋ መድረስ ከባድ አይሆንብሽም፤ አሁንም የሚሠራ ሆስፒታል ነው፤ መታሰቢያ ጽሑፍ አለበት። ልጆቹን ይዘሽ ደግሞ ወደ አሮጌው ወደብ ውረጂ፤ ወደ ጅቡቲ የሚመጡት የፈረንሳይ መርከቦች የሚነሡት ከዚችው ከተማ ነበር፤ ብዙው ሰውና ዕቃ ከዚያ በባቡር ድሬዳዋ ይገባ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ግን ከፓሪስ አንድ ቀን ነጥለሽ ሻርልቪል ሜዚየር እንድትሄጂ እመክርሻለሁ። ራምቦ በ1854 የተወለደባት ከተማ ናት፤ ከፓሪሱ «ጋር ደ ሌስት» ጣቢያ በቀጥታ ባቡር ከ1 ሰዓት ተኩል ትንሽ የሚበልጥ መንገድ ነው። ሙዚየሙ ሜዝ ወንዝ ላይ ባለ አሮጌ ወፍጮ ቤት ውስጥ ነው። እኔ ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ያስጎበኘሁት ሰው ጋብዞኝ ሄጄ ነበር። ሐረር ውስጥ ሆኖ በ1883 ያነሣቸው ፎቶግራፎች ስለሚጠቀሱ ሰው ሁሉ ሐረርን የሚያውቃት በእርሱ በኩል ነው፤ እኔ ግን እነዚያን ሥዕሎች ሳስብ የሚታየኝ የሰፈሬ መሬት፣ የአያቶቼ ዘመን ነው።

መቃብሩ ከተማው ውስጥ ባለው መካነ መቃብር ከእኅቱ አጠገብ ነው፤ ነጭ ድንጋይ ነው። በሩ አካባቢ ሰዎች ለእርሱ ደብዳቤ የሚጥሉበት የፖስታ ሣጥን አለ። እኔ ደብዳቤ አልጻፍሁም። ከቤት ስነሣ እናቴ በወረቀት የጠቀለለችልኝ የሐረር ቡና ነበርና ከርሱ አንድ እፍኝ ያልተቆላ ፍሬ ድንጋዩ ላይ አስቀመጥሁ። ጠዋት ዘንቦ ስለነበር ፍሬዎቹ ወዲያው ረጠቡ፤ ያ አረንጓዴ ሽታቸው ወጣ። አጠገቤ የቆሙ ሁለት ሽማግሌ ሰዎች ምን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ «ሲገዛው የነበረው ነው» አልኋቸው። ሰውየውን እኛ አገር የሚያውቁት እንደ ነጋዴ፣ እነርሱ አገር እንደ ገጣሚ ነው፤ በዚያች ቅጽበት ግን ስለ አንድ ሰው ነበር የምናወራው።


መልስ ፦ ጡረታ የወጣ የታሪክ መምህር (ድሬዳዋ)

ልጄ፣ ጥያቄሽን ያነበብሁት በአያትሽ ምክንያት በታላቅ ደስታ ነው። ይህች ከተማ እ.ኤ.አ. በ1902 የተቆረቆረችው ባቡሩ ወደ ሐረር ተራሮች መውጣት ስላልቻለ እግራቸው ሥር በመቆሙ ነው፤ ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ሐዲዱ ከዚህ አልፎ እስኪቀጥል ድረስ ድሬዳዋ የመስመሩ መጨረሻ ነበረች፤ ከዚያ በኋላም የጥገናው ጋራዥ እዚህ በመሆኑ እንደ አያትሽ ያሉ ሰዎች ሙያውን ከፈረንሳዮች ተምረው ለልጆቻችን አስተላልፈዋል። ከዚራ ጥላ ባለው ቀጥ ያለ መንገዱ የታቀደው በዚያው ዘመን ነው። ፈረንሳይ ስትደርሺ እንግዳ ቢሆንብሽም ሙሉ በሙሉ ባዕድ አገር እንዳልሆነ በዚህ ታውቂዋለሽ።

የአያትሽን አደራ የምትወጪበት ቦታ ሙሉዝ ነው። በምሥራቅ ፈረንሳይ፣ በአልዛስ የምትገኝ የኢንዱስትሪ ከተማ ናት፤ «ሲቴ ዱ ትራን» የሚባለው ታላቅ የባቡር ሙዚየም እዚያ ነው። በእንፋሎት ከሚሄዱት ጀምሮ እስከ ኤሌክትሪኮቹ ድረስ እውነተኛዎቹ ሎኮሞቲቮች በአዳራሽ ተሰልፈው ይታያሉ። ሩቅ ሆነሽ ፎቶ ከማንሣት ይልቅ ተሽከርካሪውን፣ የብሬኩን ዘንግ፣ ስም የተጻፈበትን የብረት ሰሌዳ አንሽላቸው፤ መካኒክ የሚፈልገው እርሱን ነው።

ፓሪስ ስትገቢ ከሉቭር ይልቅ ኬ ብራንሊ የሚባለውን ሙዚየም ቅድሚያ እንድትሰጪው እለምንሻለሁ። ልጄ ፓሪስ በምትኖርበት ጊዜ ወስዳኝ ነበር። በማርሴል ግሪዮል የተመራው ከዳካር እስከ ጅቡቲ የተጓዘው የፈረንሳይ የጥናት ቡድን በ1932 ጎንደር ሳለ ከአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ሥዕሎቹን አንሥቶ ወስዷል፤ በቦታው ከቡድኑ ጋር የነበረ ሠዓሊ የሣለውን ቅጂ ተክቷል። ዋናዎቹ ሥዕሎች አሁን ያሉት እዚያ ነው። ፊታቸው ስቆም የቅዱሳኑ ዓይን አፍጥጦ ሲያየኝ፣ በሥዕሎቹም ላይ የግዕዙን ጽሑፍ ሳነብ፣ ጉልበቴ እስኪዝል ድረስ ነው የቆየሁት። በዙሪያዬ ያለ ሰው ጽሑፉን አያነብበውም፤ እኔ ግን አነብበዋለሁ፤ ከዚያች ግድግዳ ፊት አንድ የእኛ ልጅ ቆሞ ማንበቡ ራሱ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ሙዚየሙ የሚዘጋው ሰኞ ነው።

ቀን ከተረፈሽ በደቡብ ምዕራብ ጥግ፣ በስፔን ወሰን ያለችው ኦንዳይ አለች። አንቷን ዳባዲ የተባለው ሊቅ በ19ኛው መቶ ዓመት አገራችን ውስጥ ዓሥር ዓመት ያህል ተመላልሶ ሲመለስ በውቅያኖሱ ዳር ባሠራው ቤት ግድግዳዎች ላይ የኢትዮጵያን ሥዕልና የአማርኛ ጽሑፍ አስቀርጿል። የአማርኛ መዝገበ ቃላቱ በ1881 የታተመለት ሰው ነው።


መልስ ፦ የለገሃሬ ልጅ (ሊዮን)

የመምህሩን ጽሑፍ ሳነብ እንባዬ መጣ፤ ኬ ብራንሊን በተመለከተ ቃል በቃል እስማማለሁ። ሙሉዝም ከሊዮን በፈጣን ባቡር 3 ሰዓት ያህል ስለሆነ ማልዶ ወጥቶ ማታ መመለስ ይቻላል። ኦንዳይን ግን፣ መምህር ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ በዚህ ጉዞ አታስገቢው። አገሩን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ማቋረጥ ነው፤ መሄጃና መመለሻው ብቻ ሁለት ቀን ይበላል፤ እነዚያን ሁለት ቀናት የሚከፍሉት የማርሴይ ሕፃናት ናቸው።

ስለ ባቡር አንድ ነገር ላስጠንቅቅሽ። እዚህ የመጣሁ ሰሞን «07:04» የሚል ቲኬት ይዤ ልቤ ሰባት ሰዓት ብሎ ተረጎመውና ምሳዬን በልቼ ጣቢያ ደረስሁ፤ ባቡሩ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ላይ ሄዷል። ርካሽ ቲኬት ስለነበር ገንዘቡም አልተመለሰም። ስልክሽን ከአሁኑ ወደ 24 ሰዓት ቀይሪውና ልመጂው። ዕድሜሽ ከ27 ስለማያልፍ የወጣቶች የቅናሽ ካርድ መግዛት ትችያለሽ፤ ለዓመት 49 ዩሮ ነው፤ የ30 በመቶ ቅናሽ ስላለው በዚህ ሁሉ መንገድ ዋጋውን ይመልሳል።

ፓሪስ ውስጥ ገንዘብሽን አስቢበት። ከ26 ዓመት በታች ሙዚየም ነፃ ነው ሲሉሽ አውሮፓ ውስጥ ለሚኖሩት መሆኑን እወቂ፤ ሉቭር ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ከአውሮፓ ውጭ ለሚመጣ ጎብኚ 32 ዩሮ ነው፤ ማክሰኞም ዝግ ነው። በአንጻሩ የከተማዋን ታሪክ የሚያሳየው ካርናቫሌ እና ፕቲ ፓሌ ቋሚ ስብስባቸውን ለማንም በነፃ ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 ተቃጥሎ በዲሴምበር 2024 የተከፈተው ኖትር ዳምም መግቢያው ነፃ ነው። ለኤፍል ማማ ወደ ላይ መውጣት ግድ የለም፤ ከወንዙ ማዶ ካለው ከትሮካዴሮ አደባባይ ሆነሽ ሲመሽ እዪው፤ በጁላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 4 ሰዓት ሲቃረብ ነው።

የመጨረሻው ነገር የስጦታ ጉዳይ ነው፤ ይህን ሳይነግሩሽ የሚቀሩ ብዙ ናቸው። ቅቤ፣ ቋንጣ፣ አይብ፣ ማንኛውም የሥጋና የወተት ውጤት ወደ አውሮፓ ኅብረት ማስገባት የተከለከለ ነው፤ አየር ማረፊያ ላይ ይወሰዳል፤ ቅጣትም አለው። ጫት ፈረንሳይ ውስጥ በአደንዛዥ ዕፅነት የተከለከለ ነው። በእኛ ከተማ ጫት ለእንግዳ የሚቀርብ፣ በየጥጉ የሚሸጥ ስለሆነ ሰው «ለአጎቴ ልጅ አንድ እስር አድርሺልኝ» ቢልሽ እንደ ቀላል ነገር ሊመስልሽ ይችላል፤ አንድ ቅጠል አትንኪ፣ የማንንም ጥቅል ሳትፈቺ አትቀበዪ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ የተቆላ ቡና፣ የሐረር ስፌት ይበቃል። አክስትሽን በደንብ ካወቅኋት፣ ማለት የእርሷን ዓይነት ሴቶች በደንብ ስለማውቅ፣ ስፌቱን ግድግዳ ላይ ሰቅላ በርበሬውን በማንኪያ እየቆጠረች ነው የምትጨርሰው።

ሱቅ ስትገቢም፣ መንገድ ስትጠይቂም አስቀድመሽ «ቦንዡር» በዪ። ሰላምታ ሳይቀድም ጥያቄ መጀመር እዚህም እንደ እኛው ነውር ነው። ለማታውቂው ሰው «ቩ»፣ ለሕፃናቱ «ቱ» ነው፤ እርስዎና አንተ ብለሽ ላደግሽ ልጅ አይከብድሽም።


የከዚራ ተማሪ

ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ መልሶቻችሁን ለቤተሰቡ ጮክ ብዬ አነበብኋቸው። እንዲህ ወስነናል፤ ከአየር ማረፊያ በቀጥታ ሊዮን እገባለሁ፤ እስከ ጁላይ መጨረሻ ድረስ አክስቴ ሥራ ስትሄድ ከተማውን አያለሁ፤ ከእነዚያ ቀኖች አንዱ የሙሉዝ ነው። ኦገስት 1 ዕረፍቷ ሲጀምር ሁለታችንም አብረን ማርሴይ እንወርዳለን፤ እርሷም ሕፃናቱን አይታቸው አታውቅም ነበርና ይህን ስነግራት ስልኩ ላይ ዝም አለች፤ ከዚያ «ፍልሰታ ሳይገባ ዶሮ እሠራላቸዋለሁ» አለችኝ። ለፓሪስ የቀሩኝ የመጨረሻዎቹ አራት ቀናት ናቸው፤ ኬ ብራንሊና ሻርልቪል የመጀመሪያዎቹን ሁለት ይወስዳሉ። ብራስልስና ሚላኖ ቀርተዋል። ኦንዳይን፣ መምህር፣ ለሌላ ጊዜ አስቀምጬዋለሁ፤ የግዕዙን ጽሑፍ ግን አንብቤ እጽፍልዎታለሁ።

እናቴ በወረቀት ትንሽ ቡና ለብቻው እንድትጠቀልልልኝ ነግሬአታለሁ። የተቆላውን ለአክስቴ፣ ያልተቆላውን ከመያዜ በፊት ግን ሕጉን እጠይቃለሁ።

አያቴ ስለ ሙሉዝ ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ። ከዚያ ሣጥናቸውን አውጥተው ከሥሩ የሚጠቀለል የብረት ሜትር ሰጡኝ። «የእኛ የአሮጌው ሐዲድ ስፋት በሁለቱ ብረቶች መካከል አንድ ሜትር ነው፤ የእነርሱ አንድ ሜትር ከ43 ተኩል ሳንቲሜትር ነው ይሉ ነበር፤ በዓይኔ አላየሁትም። ከፈቀዱልሽ ለኪው» አሉኝ።